የምህንድስና ተማሪ ስለምን ወደ ፋብሪካ ይላካል?



ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር አንድ ምሽት፥ እናቴ ቡና አፍልታ ቤተ ሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ሳለ፥ በዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምህንድስና የምትማረው ታላቅ እኅቴ አንድ ወሬ ይዛ መጣች። ይኸውም የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት በክፍል ውስጥ ሳይሆን በየፋብሪካውና በየድርጅቱ እየተላኩ በተግባር ልምምድ የሚያሳልፉት ስለ ሆነ፥ እርስዋም ለአራት ወራት ወደ አንድ ሩቅ ከተማ ፋብሪካ መሄድዋ ነው። አባቴ ስኒያቸውን አስቀመጡና፥ «ፋብሪካ ለመግባትማ ይህን ያህል ዓመት መማር ምን አስፈለገ? እኔ ልጄን የላክሁት ትምህርት እንድትማር ነው እንጂ የሰው ማሽን ስትወለውል እንድትከርም ነውን?» ሲሉ ጠየቁ።

በዚያ ምሽት ለጥያቄያቸው በቂ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። እኅቴ «ሥርዐቱ ነው፥ ግዴታ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አላለችም፤ ይህም አንድን አባት የሚያሳምን ቃል አይደለም። እኔ ደግሞ በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍልን ፈተና ካለፍሁ ለመማር የማስበው ምህንድስናን ስለ ሆነ፥ የአባቴ ጥያቄ የራሴም ጥያቄ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ካነበብሁትም፥ ከእኅቴና ከአያቴ ከሰማሁትም ያገኘሁትን አንድ ላይ አድርጌ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለማስረዳት እሞክራለሁ። ስሕተት ቢገኝበት መምህሮቼ እንደሚያርሙኝ ተስፋ አለኝ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ የምህንድስና ተማሪ የትምህርቱን ዘመን ሁሉ በክፍል ውስጥ ከማሳለፍ ይልቅ፥ ከጊዜው የተወሰነውን በእውነተኛ የሥራ ቦታ፥ በሠራተኞች መካከል ሆኖ ሲሠራ ይቆይና እንደ ገና ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። በእኛ አገር ይህ «የተግባር ልምምድ» ወይም ተማሪዎቹ እንደሚሉት «ኢንተርንሺፕ» ይባላል። በአሜሪካና በካናዳ ትምህርትና ሥራ ተራ በተራ እየተፈራረቁ ብዙ ጊዜ የሚደጋገሙበት ዐይነት ደግሞ «ኮኦፕ» የሚባል የራሱ ስም አለው፤ ትምህርት ቤቱና አሠሪው ተባብረው የሚያስተምሩት ማለት ነው። (እናቴ ይህን ስም ስትሰማ ዘይትና ስኳር የሚታደልበት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ሱቅ መስሏት ነበር፤ ዝምድናቸው በስም ብቻ ነው።) «እንደ ገና ይመለሳል» ያልሁትን ቃል አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ እኔ እንደ ተረዳሁት የነገሩ ዋና ፍሬ እዚያ ላይ ነውና።

እየሠሩ መማር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሸማኔ ልጅ ከአባቱ ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ቀሰም እየሞላ፥ የተበጠሰ ድር እየቀጠለ ያድጋል፤ ጥበብን የሚማረው ከወረቀት ሳይሆን ከአባቱ እጅ ነው። አያቴም በወጣትነታቸው፥ በ1950ዎቹ ዓመታት፥ በዚሁ በከተማችን በድሬዳዋ በምድር ባቡር የጥገና ሥራ ቤት ገብተው የቶርኖ ሙያ የተማሩት እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ለአለቃቸው መሣሪያ ማቀበል፥ ቀጥሎ ብረት መሞረድ፥ ከዚያም ቶርኖው አጠገብ ቆሞ ማየት፥ በመጨረሻ ራሳቸው ብረት መቍረጥ ሆነ። እስከ ዛሬ ድረስ የአንድን ብሎን ውፍረት በጣታቸው ዳስሰው ስንት ሚሊሜትር እንደ ሆነ ይነግሩናል፤ እኛም በመለኪያ እናረጋግጣለን፤ ብዙም አይሳሳቱም። ነገር ግን ረጅም ዘንግ ሲቈረጥ ለምን እንደሚንቀጠቀጥና ገጹ ለምን እንደሚዥጐረጐር ብጠይቃቸው፥ «እንዴት እንደማስቆመው እጄ ያውቀዋል፤ እኔ ግን አላውቀውም» ብለው ይሥቃሉ።

እንግዲህ በአንድ ወገን ምክንያቱ ያልተነገረው የሠለጠነ እጅ አለ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ምክንያቱን በቀመር አጥንቶ ብሎን ፈትቶ የማያውቅ ባለ ዲግሪ አለ። ይህን ክፍተት በዩኒቨርሲቲ ሥርዐት ውስጥ ለመዝጋት በመሞከር ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሣው አሜሪካዊው ሄርማን ሽናይደር ናቸው።

ሽናይደር የተወለዱት በ1872 (የባሕር ማዶውን ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) በፔንሲልቫኒያ፥ የድንጋይ ከሰል በሚቈፈርበት አገር ነው። መሐንዲስ ሆነው ከሠሩ በኋላ መምህር ሲሆኑ ሁለት ነገር ከነከናቸው። አንደኛው፥ ከተመረቁት መካከል በሥራቸው የተሳካላቸውን ሲመለከቱ፥ ብዙዎቹ ተማሪ ሳሉ በዕረፍት ወራት ወይም በትርፍ ጊዜያቸው ተቀጥረው የሠሩ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፥ ዩኒቨርሲቲ ምንም ያህል ሀብታም ቢሆን ፋብሪካዎች የሚገዙትን ማሽን ሁሉ ገዝቶ ሊያኖር አለመቻሉ ነው፤ ዛሬ የተገዛው ነገ ያረጃል። ታዲያ ፋብሪካውን ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት ካልተቻለ ተማሪውን ወደ ፋብሪካ መውሰድ ይቀላል ብለው አሰቡ።

በ1903 በኦሃይዮ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ይህ ለሐሳባቸው የተመቸ ነበር፤ ሲንሲናቲ በዚያን ጊዜ ቶርኖንና ብረት የሚቈርጡ ሌሎች ማሽኖችን በመሥራት የታወቀች ከተማ ነበረችና። ሐሳባቸውን ወዲያው የተቀበላቸው አልነበረም፤ ከአሠሪዎችም ከዩኒቨርሲቲው ሰዎችም ጋር ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በ1906 በ27 ተማሪዎች ሙከራው ተጀመረ። አሠራሩ ቀላልና ብልኅ ነበር። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ አንዱ በዚህ ሳምንት ክፍል ሲገባ ጥንዱ በፋብሪካው ማሽን ላይ ይቆማል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጣሉ። ስለዚህ የፋብሪካው ሥራ አይቋረጥም፥ ባለ ፋብሪካውም አያጕረመርምም። ተማሪው ለሠራበት ደመወዝ ይከፈለዋል። ትምህርቱ ግን በአራት ዓመት ፈንታ ስድስት ዓመት ይፈጅ ነበር። ይህን ለአባቴ ባነብላቸው፥ «ደመወዙን ወደድሁት፥ ስድስት ዓመቱን ግን አልወደድሁትም» አሉኝ።

እርግጥ በእንግሊዝ አገር በሰንደርላንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ተመሳሳይ ነገር በ1903 ተጀምሮ ነበር። እንግሊዞች ይህን ዐይነት ትምህርት «ሳንድዊች» ይሉታል፤ በሁለት ቍራሽ ዳቦ መካከል ሥጋ እንደሚገባ ሁሉ፥ በሁለት የትምህርት ዘመናት መካከል ሥራ ገብቶበታል ማለት ነው። ስያሜው ቢያሥቅም ዳቦው በሁለቱም ወገን መኖሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሥራው መጨረሻ ላይ ቢሆን ኖሮ ሳንድዊች ባልተባለ ነበር።

በዛሬው ጊዜ በዚህ ሥርዐት ከታወቁት አንዱ በካናዳ በኦንታሪዮ ግዛት የሚገኘው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ነው። እርሱም ሥራውን የጀመረው በ1957 ሰባ በሚያህሉ የምህንድስና ተማሪዎች ብቻ ሲሆን፥ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በኮኦፕ ላይ የቆመ ነበር። ዛሬ በዚህ ሥርዐት የሚማሩት ከ20,000 በላይ ናቸው። የምህንድስና ተማሪ አራት አራት ወር እየተፈራረቀ እስኪመረቅ ድረስ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ወደ ሥራ ወጥቶ ይመለሳል፤ በየጊዜውም ስላየው ነገር ዘገባ መጻፍ የተለመደ ነው። አምስትና ስድስት የሚለውን ቍጥር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፥ ተማሪን ከመመረቁ በፊት ከክፍል አውጥቶ ወደ ሥራ መላክ የቈየ ታሪክ አለው። በ1957 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ሥርዐት ተመሥርቶ፥ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። አብዛኞቹ የተላኩት ግን ለማስተማር ነበር እንጂ የየሙያቸውን ሥራ ለመለማመድ አልነበረም። ለምህንድስና ተማሪዎች አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት በፋብሪካ ወይም በግንባታ ቦታ ማሳለፍ የሥርዐተ ትምህርቱ ክፍል ሆኖ የገባው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የምህንድስና ትምህርት አምስት ዓመት ሆኖ ከተደራጀ በኋላ ነው።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ እኛ የድሬዳዋ ልጆች ሩቅ ሳንሄድ ማየት እንችላለን። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎቱን ሲጀምር፥ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሱትና ሥራውን የሚመሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ሠራተኞች ከጎናቸው ሆነው ሲማሩ ቈይተው በ2016 ዓ.ም. ሥራውን ተረከቡ። ባቡር በገንዘብ ይገዛል፤ ባቡሩን የሚያውቅ ሰው ግን ከባቡሩ ጎን ጊዜ ማሳለፍ አለበት።

አሁን ወደ እኅቴ ልመለስ፤ ከመጻሕፍቱ ይልቅ ነገሩን ያስረዳኝ የርስዋ ጕዳይ ነውና።

ተማሪው ከዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጠውና ብዙ ጊዜ የሚቀበለውን ድርጅት ራሱ ይፈልጋል። ድርጅቱ ሲቀበለው አንድ ተቈጣጣሪ ይመድብለታል፤ ከዩኒቨርሲቲውም አማካሪ መምህር አለው። በየቀኑ የሠራውን በመዝገብ ይጽፋል፥ በመጨረሻም ዘገባ አዘጋጅቶ በመምህራን ፊት ያስረዳል። ውጤቱ ከሁለቱም ወገን ተሰባስቦ ይሰጠዋል። በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው።

እኅቴ በደረሰችበት ፋብሪካ (ስሙን አልጠቅስም) የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ያሳለፈችው በአንድ ቢሮ ውስጥ የቈዩ ፋይሎችን በቍጥር ስትደረድር ነበር። ክፉ ሰው ኖሮ አይደለም፤ ምን እንደሚያደርጓት ስላላወቁ ነው። ሻይ ይጋብዟታል፥ «ኢንጂነር» እያሉም በቀልድ ይጠሯታል፥ ሥራ ግን የለም። በስልክ ይህን ስትነግረን አባቴ ምንም አላሉም፤ ዝምታቸው ግን «ብዬ አልነበረምን?» የሚል ነበር። በአራተኛው ሳምንት እኅቴ ራስዋ ተነሥታ ወደ ጥገና ክፍል ወረደችና፥ የክፍሉን አለቃ፥ ሠላሳ ዓመት ያህል በዚያ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው፥ «ጋሼ፥ ከእርስዎ ጋር ልዋል፤ ሥራ ባይሰጡኝም መሣሪያ ላቀብልዎ» አለቻቸው። እርሳቸውም፥ «ቱታ አለሽ? እንግዲያውስ ነገ በጧት ነይ፤ ሻሽሽን ግን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ፥ ማሽን ጨርቅ ይወድዳል» አሏት። የተሰጣት ቱታ ለወንድ ቁመት የተሰፋ ስለ ነበረ እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጥፋ አሰረችው፤ የሚንዘላዘል እጅጌ በሚዞር ማሽን አጠገብ አደጋ ነው።

በዚያ ክፍል አንድ የውኃ ፓምፕ ነበረ። የዚህ ፓምፕ ኩሽኔታ በሁለት ወር ገደማ እየተበላ ይለወጥ ነበር። ለማያውቅ ለማስረዳት ያህል፥ ኩሽኔታ ማለት የሚሽከረከረው ዘንግ የሚደገፍበት፥ በውስጡ ትናንሽ የብረት ኳሶች ያሉበት ቀለበት ነው። አለቃው የካቻቪቴውን ጫፍ በኩሽኔታው ቤት ላይ አድርገው እጀታውን ከጆሮአቸው ያስጠጉና ድምፁን ያዳምጣሉ፤ «ዐሥር ቀን ይቀረዋል» ካሉ ዐሥር ቀን ነው። እኅቴም እንዲያው አዳምጣ ነበር፤ በመጀመሪያ የሰማችው ጕርምርምታ ብቻ ነው አለችኝ፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን ደኅናውን ከታመመው መለየት ጀመረች።

አሁን የክፍሉን ትምህርት እንመልከት። እኅቴ በሦስተኛ ዓመት ስለ ኩሽኔታ ዕድሜ ተምራለች። ሕጉ ይህ ነው፦ ኳስ ባለው ኩሽኔታ ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን ዕድሜው በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል፤ ሁለትን ሦስት ጊዜ በራሱ ብናባዛው ስምንት ነውና። ዐሥራ ስድስት ወር ሊያገለግል የሚገባው ኩሽኔታ ጭነቱ ቢታጠፍ በሁለት ወር ያልቃል ማለት ነው። በፈተና ላይ ይህን አስልታ ሙሉ ማርክ አግኝታበታለች። ነገር ግን በፈተናው ወረቀት ላይ ጭነቱ ይህን ያህል ነው ተብሎ ተጽፎላት ነበር። በፋብሪካው ወለል ላይ የሚጽፍላት የለም። ሌላው ቀርቶ «ተጨማሪ ጭነት አለ» ብሎ የነገራት እንኳ አልነበረም፤ የነበረው በየሁለት ወሩ የሚበላ ብረት ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ምሽት ማስታወሻዋን አውጥታ ወደ ኋላ አሰበች። ኩሽኔታው የሚገዛው ትክክለኛው ዐይነት ነው፤ ግራሶውም በጊዜው ይደረግለታል። እንግዲያውስ ከዕድሜው ይህን ያህል የተቀነሰ እንደ ሆነ አንድ ያልታሰበ ነገር እየጫነው መሆን አለበት። ይህን ለአለቃው ብትነግራቸው ጥቂት አሰቡና፥ «ወለሉን እኔም እጠረጥረዋለሁ፤ ነገር ግን ፓምፑን አቁመን የምናይበት ፋታ ሰጥተውን አያውቁም» አሏት። በሚቀጥለው እሑድ ፋብሪካው ሲቆም አብረው መረመሩት። ፓምፑን የሚያዞረው ሞተር በአራት እግሮች የታሰረ ሲሆን፥ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሲያላሉ አንዱ እግር ከመቀመጫው ብድግ አለ። ክፍተቱን በስስ ብረቶች ሲለኩት 0.4 ሚሊሜትር ሆነ። ይህ ከጣት ጥፍር ውፍረት ያልራቀ ነገር ነው። ነገር ግን ብሎኑ በኃይል ሲጠብቅ ያ እግር ወደ ታች ይሳባል፥ የሞተሩ አካል ይጣመማል፥ ዘንጉም ከፓምፑ ዘንግ ጋር ቀጥ ብሎ መጋጠሙ ይቀራል፤ በየዙሩም ኩሽኔታውን እየገፋ ይቀጠቅጠዋል። አለቃው ከቆርቆሮ ልክ ቈርጠው ከእግሩ ሥር አስገቡ፤ ሁለቱን ዘንጎች እንደ ገና አስተካክለው አሰሩ። በዚህ ሁሉ የወጣው ወጪ የአንድ እሑድ ጧት ነው።

እኅቴ እስክትመለስ ድረስ ያ ኩሽኔታ አልተለወጠም። በገና በዓል እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ስትደውልላቸውም ፓምፑ ያለ አንዳች ድምፅ እየሠራ መሆኑን ነገሯት። ጭነቱ በትክክል እጥፍ ነበር ለማለት ግን አትደፍርም፤ የሚለካበት መሣሪያ አልነበራቸውምና፥ በዘገባዋም «ግምት» ብላ ጽፋዋለች። ይህን ቃል ከዚህ በፊት በፈተና ወረቀት ላይ ጽፋ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት፥ ፋብሪካው ለተማሪ የሚሰጠው ዋናው ነገር የእጅ ልምድ ብቻ አለመሆኑን ነው። በአራት ወር የአያቴን እጅ ማግኘት አይቻልም፥ የዚያን አለቃ ጆሮም ማግኘት አይቻልም። የሚገኘው ጥያቄ ነው። እኅቴ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሳ አምስተኛ ዓመት ስትጀምር፥ በአንድ የንዝረት ትምህርት ክፍለ ጊዜ እጅዋን አውጥታ፥ የሞተሩ አካል በሥራ ሰዓት ሞቆ ሲለጠጥ ጧት የተስተካከለው ዘንግ ቀትር ላይ እንዴት እንደሚሆን መምህርዋን ጠየቀች። መምህሩ የዚያን ቀን ያሰቡትን ትምህርት ትተው የቀረውን ሰዓት በዚሁ ላይ አሳለፉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የጠየቀችው ጥያቄ «ይህ በፈተና ይመጣል ወይ?» የሚል ብቻ እንደ ነበረ ራስዋ እየሣቀች ነግራኛለች። ለመመረቂያዋም የመረጠችው ጥናት ስለዚያው ፓምፕ ነው።

እንግዲህ ፍሬው የታየው በመመለስዋ ከሆነ፥ አንድ ቅሬታዬን እንድናገር ይፈቀድልኝ። በእኛ አገር ተማሪው ወደ ሥራ የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ፥ ያውም በአራተኛው ዓመት ነው። ያመጣውን ጥያቄ የሚያብላላበት ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ይቀረዋል። በዋተርሉ ግን አምስትና ስድስት ጊዜ ይመላለሳል። እኔ ቢጠይቁኝ የመጀመሪያውን፥ ሁለት ወር እንኳ ቢሆን፥ ወደ ሁለተኛው ዓመት አመጣው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ተማሪው ብዙ ባያውቅም፥ ምን እንደማያውቅ ቢያይ ቀጥሎ የሚማረውን በሌላ ዐይን ይመለከተዋል። ይህን ሐሳቤን ለፊዚክስ መምህራችን ባነሣ፥ «ቦታው ጥቂት ነው፥ ተማሪው ብዙ ነው፤ አንድ ጊዜ ለማስገባት እንኳ ስንት ደጅ ይጠናል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ሐሳቤን አልተውሁትም።

ነገሩ የማይሳካባቸውም ብዙዎች ናቸው። ከእኅቴ ጓደኞች መካከል አራቱንም ወር ፋይል ሲደረድር የጨረሰ አለ። በሳምንት አንድ ቀን ብቅ እያለ ማኅተም አስመትቶ የተመለሰም፥ ያለፈውን ዓመት ተማሪ ዘገባ ስሙን ለውጦ ያስረከበም አለ። በዚህ ጊዜ የአባቴ ጥያቄ ትክክል ይሆናል፤ ተማሪው ትምህርትም አላገኘ፥ ፋብሪካውም ሠራተኛ አላገኘ። ከድርጅቱ በኩል ተማሪውን የሚጠብቅ አንድ ሰውና አንድ የታወቀ ሥራ ከሌለ ደብዳቤው ወረቀት ብቻ ነው። እኅቴም ቢሆን ያንን የጥገና ክፍል በር ደፍራ ባታንኳኳ ኖሮ፥ የምተርከው ነገር አይኖረኝም ነበር። የሁሉም ተማሪ ዕድል በድፍረቱ ላይ መንጠልጠሉ ደግሞ ደግ አይመስለኝም።

ለወላጆች የሚከብደው ግን ወጪው ነው፤ ይህንንም ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። በሲንሲናቲ ተማሪው ደመወዝ ነበረው፤ በዋተርሉም ከሚያገኘው የትምህርቱን ክፍያ ይደጕማል። በእኛ ዘንድ አብዛኛው ተማሪ የሚሠራው ያለ ክፍያ ነው። በዩኒቨርሲቲ ሳለ የሚያገኘው ማደሪያና ምግብም በዚያ የለም፤ ቤት ኪራዩና ምሳው በወላጅ ላይ ይወድቃል። እናቴ ሴት ልጅ በማታውቀው ከተማ ብቻዋን ቤት ተከራይታ መኖርዋ እንቅልፍ ስለ ነሣት፥ አንዲት የአባቴ እኅት በዚያ ከተማ ባትኖር ኖሮ እኅቴ የምትሄድ አይመስለኝም። አክስት የሌላት ልጅስ? ለምሳና ለትራንስፖርት የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ድርጅቶቹ ቢሰጡ ብዙ ሰው በተረፈ ነበር። ያ ፋብሪካ በየሁለት ወሩ ለኩሽኔታ ያወጣ የነበረውን ገንዘብ ቢያስቡት፥ ለእኅቴ ምሳ የሚሆን አይጠፋም ነበር። ይህ የእኔ ስሌት ነው።

በሰኔ ወር መጨረሻ እኅቴ ስትመለስ ለአያቴ አንድ ስጦታ ይዛላቸው መጣች። አለቃው መጀመሪያ ልኩን ስተው የቈረጡት፥ ከዚያ ከሞተሩ እግር ሥር ሳይገባ የቀረ ቍራጭ ቆርቆሮ ነው። አያቴ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሻሹትና «አርባ» አሉ፤ አርባ መቶኛ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ኩሽኔታው ስለምን ይበላ እንደ ነበረ፥ ስለ ስምንተኛ እጁም፥ ወረቀት አስመጥተው እንደ ገና እንድታስረዳቸው አደረጉ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አልተኙም። አባቴ ከጎናቸው ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞር አሉና፥ «አንተንስ ወዴት ነው የሚልኩህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ገና ፈተናውን እንኳ እንዳልተፈተንሁ ነገርኋቸው። «እንግዲያውስ አክስትህን ከአሁኑ እንጠይቃት» አሉ።